የዳማ ገመድና የአቤል እግር

ባለፈው ወር የምሠራበትን ቢሮ ኮርኒስ ሊያድሱ ሠራተኞች መጡ። አንደኛው ጀሶውን በባልዲ ሲበጠብጥ ሽታው እስከ ጠረጴዛዬ ደረሰ፤ እኔም የያዝኩትን ወረቀት አስቀመጥኩ። እርጥብ ጀሶ ለሌላው ሰው የግንባታ ሽታ ነው። ለእኔ የአንድ በጋ ሽታ ነው፤ አሰላ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ወንድሜ አቤል የተወለደበት በጋ። ያን በጋ አንድ ነገር በሆዴ ይዤ ነው የከረምኩት። የወንድሜን እግር ያጣመምኩት እኔ መሆኔን አውቅ ነበር። ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ስሜ ትዕግሥት ነው። አባዬ ነው ያወጣልኝ፤ እኔ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር ሲፈጥረኝ የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሠራሁትን ስትሰሙ እንዳትገረሙ ነው።

አባዬ ባለጋሪ ነበር። ፈረሳችን ዳማ ይባላል፤ መልኩም ዳማ፣ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ስም ለማውጣት ማንም አልተጨነቀም። አመሻሹ ላይ አባዬ ከሥራ ሲመለስ ጋሪውን ፈትቶ ፈረሱን ለእኔ ይሰጠኛል። የእኔ ሥራ ጓሮ ወስጄ በረጅም ገመድ ከችካል ጋር ማሰርና ሣር እንዲነጭ መተው ነበር። በታኅሣሥ ግን ሣሩ ሁሉ ደርቆ፣ ለምለም የቀረው የልብስ እጣቢ ከምንደፋበት ቦታ፣ ከሽንት ቤቱ መንገድ ዳር ብቻ ነበር። አንድ ቀን ችካሉን ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ተከልኩት። ዳማ ወዲህ ማዶ ሆኖ ይግጣል፤ ገመዱ መንገዱን አቋርጦ ተወጥሯል።

እማዬ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ከቤት ወጥታ ገመዱ ዘንድ ስትደርስ ቆመች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ በአንድ እጇ አጥሩን ይዛ ተሻገረች። ስትመለስም እንደዚያው።

"ይኼን ገመድ ከመንገድ ላይ አንሺው፣ ትጂ። ልትጥይኝ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"እሺ" አልኩ። አላነሳሁትም። በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም እዚያው አሰርኩት፤ ሣሩ እዚያ ነበራ።

እማዬ ምጥ የያዛት ገና ካለፈ በኋላ ነው። አባዬ ባጃጅ ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟት ሄደ። እኔን ጎረቤታችን አደ ዘይነባ ዘንድ ተወኝ። ሰፈሩ ሁሉ አደ እያለ የሚያከብራቸው ትልቅ ሴት ናቸው። በየማለዳው ትኩስ ወተት በጣሳ ይዘውልን ይመጣሉ፤ አመስግነን ሳንጨርስ ዞረው ይሄዳሉ። ያን ቀን ግን አልሄዱም። እቤታችን ገብተው መሀል ወለሉ ላይ ቆሙና ዙሪያውን ቃኙ።

"ያ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ። የታሰረ ነገር ሁሉ ይፈታ" አሉኝ። "ቤት ውስጥ የተቋጠረ ካለ እናትሽ ትቸገራለች። ቶሎ በይ።"

እኔ እንዲህ ያለ ሥራ እወዳለሁ። የገብሱን ጆንያ አፍ ፈታሁ። የጨውን ፌስታል ፈታሁ። የአባዬን የእሑድ ጫማ ማሰሪያ ከቀዳዳው ሁሉ መዝዤ አወጣሁ። መጋረጃው የተንጠለጠለበትን ሲባጎ ፈትቼ መጋረጃው ወለል ላይ ወደቀ። የራሴን ጸጉር እንኳ ሹሩባውን አንድ በአንድ ፈታሁ፤ አደ ዘይነባ "ጀባዱ፣ በርቺ!" እያሉ ሣጥኖቹን ከፋፈቱ። ስንጨርስ ቤቱ ሌባ የገባበት መስሎ ነበር።

ጓሮ ግን አልሄድኩም። ዳማ በገመዱ እንደታሰረ፣ ገመዱም መንገዱ ላይ እንደተወጠረ ነበር። ረሳሁት።

አቤል በማግስቱ በጋቢ ተጠቅልሎ መጣ። እማዬ ስትገልጠው ሁለቱም እግሮቹ ከቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ታጥፈው ውስጥ እግሮቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጉልበቱ ግትር ብሏል። የእጆቹ አንጓዎችም ወደ ታች ተቆልምመው ቀርተዋል፤ ላቃናቸው ብል እምቢ አሉ። በቀረው ደህና ልጅ ነበር። ይጠባል፣ ይጮኻል፣ ያስነጥሳል። እኔ መጀመሪያ ላይ ሕፃን ሁሉ እንዲህ ታጥፎ የሚመጣ፣ ቀስ እያለ የሚዘረጋ መስሎኝ ነበር። ስህተቴን የተረዳሁት አባዬ ከቤት ወጥቶ ጋሪው ላይ ለብቻው እንደተቀመጠ ሳይ ነው።

ከዚያ አራስ ጠያቂዎች መጡ። ገንፎውን በልተው፣ ልጁን አይተው፣ ከንፈር መጠጡ። ከዚያ ምክንያት መፈለግ ጀመሩ። አንዷ የፀሐይ ግርዶሽ አይታ ይሆናል አለች። አንዷ ያማራትን ነገር ሰው ከልክሏት ነው አለች። አንዷ ዓይን ነው ብላ ልጁን ቶሎ ሸፈነችው። እያንዳንዷ ይህን የምትለው ለእማዬ ተቆርቁራ ነው፤ እማዬ ግን በእያንዳንዱ ምክንያት ፊቷን ይበልጥ ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያን ሁሉ ገንፎ በልተው ዝም ቢሉ ምን ነበረበት እላለሁ።

አደ ዘይነባ በመጨረሻ ነው ጣሳቸውን እያነሱ፣

"ነፍሰ ጡር የፈረስ ገመድ ተሻግራ እንደሆነስ? ገመድ የተሻገሩበት ልጅ ታስሮ ይወለዳል ሲሉ ሰምቻለሁ" ያሉት።

እማዬ ገመዱን ያስታወሰች አልመሰለኝም። እኔ ግን ደጃፉ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። ገመዱን ያሰርኩት እኔ። አንሺው ስባል ያላነሳሁት እኔ። ፍቺ በተባልኩ ቀን ያልፈታሁት እኔ። የሒሳብ ትምህርት ላይ እንኳ እንደዚህ ተገጣጥሞ የመጣልኝ ነገር የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳማን ማሰር ተውኩ። አመሻሹ ላይ ጓሮ ወስጄው ጫፉን በእጄ ይዤ እቆማለሁ። በየካቲት የአሰላ ብርድ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጆሮዬን እየቆረጠው፣ ፈረሱ እስኪጠግብ እቆማለሁ። አባዬ ለጎረቤት "ይቺ ልጅ ፈረስ ወዳድ ወጣች" እያለ ይኮራብኛል። የጫማዬንም ማሰሪያ አላስርም። መምህራችን በሰልፍ ላይ "ትዕግሥት፣ ጫማሽን!" ይሉኛል፤ አጎንብሼ ያሰርኩ እመስልና እንደፈታሁት እገባለሁ። ሁለት ጊዜ ወድቄ ጉልበቴ ተልጧል። ለአቤል ብዬ ነው፣ ምንም አይደል እል ነበር።

አቤል ሦስት ሳምንት ሲሆነው ጀሶ ተጀመረለት። ክሊኒኩ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ በጋሪ እንሄዳለን። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ አብሬ እሄዳለሁ። የምታክመው ሲስተር ጫልቱ የምትባል፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ እጇ እስከ ክርኗ በጀሶ የነጣ ነርስ ነበረች። የአቤልን እግር በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ ብላ፣ እሱ እስኪፈቅድላት ድረስ ብቻ ወደ ውጭ ታዞረዋለች። ከዚያ እርጥቡን ጀሶ ከጣቶቹ እስከ ታፋው ትጠመጥምበታለች። ሳምንት ይቆያል። በሳምንቱ ይፈታና ትንሽ ይበልጥ ተቃንቶ እንደገና ይታሠራል።

"ብዙ ዓርብ ያስፈልገናል" አለች ለእማዬ። "የእሱ ከሌሎቹ ይልቅ ግትር ያለ ነው። አንድ ሳምንት ከዘለላችሁ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሕፃን አጥንቱ ለስላሳ ሳለ ነው የምንደርስለት።"

ጀሶውን ዓርብ ጠዋት ከቤት ፈትተነው መሄድ ነበረብን። ያ ሥራ የእኔ ሆነ። እማዬ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ታቀርባለች፤ የአቤል እግሮች እዚያ ውስጥ ይነከራሉ። ሲስተር ጫልቱ የጀሶውን ጫፍ ትንሽ ቆልመም አድርጋ ትተወዋለች፤ እኔ ያንን ጫፍ በጥፍሬ ፈልጌ እይዝና ዙር በዙር እፈታዋለሁ። ውሃው ነጭ ይሆናል። ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። መጨረሻ ላይ ከዚያ ሁሉ ጥምጥም ውስጥ ቀላ ያለች፣ የተሸበሸበች ትንሽ እግር ትወጣለች። በመጀመሪያው ዓርብ ለውጥ አላየሁም። በሦስተኛው ግን ቀኝ እግሩ ወደ ውጭ ሊያይ ጀምሮ ነበር። እማዬ አየችና ግንባሩን ሳመችው። እናቴ ደግሞ መሳም ከጀመረች አታቆምም፤ የእኔንም ግንባር ሳመች።

ያን ጊዜ ዝም ብዬ ብጠብቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አራተኛው ጀሶ በታሠረ በሦስተኛው ቀን አደ ዘይነባ ወተት ይዘው መጡና የአቤልን ጀሶ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

"አቦ፣ ይኼ ልጅ ታስሮ ተወለደ፣ ደግሞ ያስሩታል። እንዴት ነው የሚፈታው?" አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሆዳቸው አልችል ብሏቸው ነው።

እኔ ይህን ስሰማ ነገሩ ሁሉ በራልኝ። በእርግጥ! የምንፈታው ዓርብ ለአንድ ሰዓት፣ የምናስረው ሳምንቱን ሙሉ። ቀኝ እግሩ የተቃናው በምን ሆነና? በመፈታቱ ነዋ! ሲስተር ጫልቱ ስለ ገመዱ ስለማታውቅ ነው። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እማዬ ከጎረቤት ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። "ቶሎ እመጣለሁ፣ ካለቀሰ እሹሩሩ በዪው" ብላኝ ሄደች። ውሃ አሞቅኩ። ሳፋውን አቀረብኩ። አቤልን ከትራስ ጋር አስደግፌ እግሮቹን ነከርኩ። ጫፉን ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ ፈታሁ፤ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን። በዚህም አላበቃሁም፤ ጥምጥሙን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፣ ተመልሶ እንዳይታሠር። አቤል ነጻ ሲወጣ አንዴ ተወራጨና ሳቀ፣ ወይም የሳቀ መሰለኝ። ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እማዬ ስትገባ እንድታመሰግነኝ ነበር የጠበቅኩት። ባዶ እግሮቹን አየች፣ ሳፋውን አየች። አልመታችኝም። አልጮኸችብኝም። ነጠላዋን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ አቤልን ከእጄ ተቀብላ፣

"ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነኪው" አለችኝ።

እንደዚያ ያለ ቃል ከእማዬ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ሌላውን ሁሉ እረሳ ይሆናል እንጂ እሱን አልረሳም።

አባዬ ተፈልጎ መጣ፤ ጋሪው ላይ ወጥተን ሄድን። ሲስተር ጫልቱ ስታየን ቀኑን በጣቷ ቆጠረች።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው። ማነው የፈታው?"

"ራሱ ነው የወለቀው፣ ሲስተር" አለ አባዬ። እኔን ለማዳን የዋሸው ውሸት ነው። ሰውየው መዋሸት አይችልበትም፤ አንገቱን ሲያክ ይታወቃል።

"ጀሶ በራሱ አይወልቅም።"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ለምን?"

ሁለት ወር ያህል የያዝኩት ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ሣሩን፣ ችካሉን፣ ገመዱን፣ አንሺው ስባል እሺ ማለቴን፣ ያልፈታሁትን ቋጠሮ ነገርኳቸው። "ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ልፍታው ብዬ ነው" አልኩና ልቅሶዬ ቀደመኝ።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አባዬ ግን ኮፍያውን አወለቀና በእጁ ያሽከረክረው ጀመር።

"እሷ አይደለችም" አለ ለሲስተር። "እኔ ነኝ። በነሐሴ ወደ ሁሩታ መንገድ የአንድ ገበሬ ስንዴ ላይ ፀረ አረም ስረጭ ሰንብቻለሁ። ልብሴ በመድኃኒት ርሶ እመጣ ነበር። እሷ ናት በእጇ የምታጥበው። ነፍሰ ጡር መሆኗን እያወቅኩ።"

እማዬ ቀና ብላ አየችው። አቤል ከተወለደ ጀምሮ ይህን ይዞ ጋሪ ላይ ሲቀመጥ እንደኖረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሷ ደግሞ አቤልን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ፣

"መጀመሪያ ሳረግዝ አልፈለግሁትም ነበር" አለች። "ኑሮው ከብዶኝ አለቀስኩ። ምነው ባልመጣ አልኩ። ሰምቶኝ ነው እላለሁ።"

እኔን ሁሉም ረሱኝ። ሲስተር ጫልቱ በርጩማዋን ስባ እናቴ ፊት ተቀመጠች።

"እኔ ለእናቴ ሰባተኛ ልጅ ነኝ" አለች። "ማን ፈለገኝ መሰለሽ? እስቲ እግሬን እይው።" ነጭ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ዘረጋች፤ ካልሲዋ አውራ ጣቷ ላይ ተቀድዶ ነበር። እማዬ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት። "አለመፈለግ እግር አያጣምምም፣ እኅቴ። ልጅ በሆድ ሳለ መንቀሳቀስ አለበት። ይራገጣል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፤ መገጣጠሚያው የሚፍታታው በዚያ ነው። በሆነ ምክንያት ካልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጡንቻውም ይሰልላል።"

"በምን ምክንያት?" አለ አባዬ።

"ብዙ ነው። የእንሽርት ውሃው አንሶ ወይም ቦታ ጠቦት ይሆናል። ነርቩ ወይም ጡንቻው ከመነሻው በደንብ ሳይሠራ ቀርቶ ይሆናል። በዘር የሚመጣ አለ። እናትየዋን ከባድ ሕመም ይዟት የሚመጣም አለ።"

ቦታ ጠቦት ሲባል እኔ አንዷን ክፍላችንን፣ የገብሱን ጆንያና አራታችንን አሰብኩ። እንደዚያ ከሆነ ሁላችንም መገተር ነበረብን አልኩ በልቤ።

"መድኃኒቱስ?" አለ አባዬ።

"መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር ጥሩ ነው አልልህም፤ ልብስህን ከዛሬ ጀምሮ ራስህ እጠብ። ይኼን ያመጣው እሱ ነው ግን ማለት አልችልም።"

"ታዲያ የእኛ የትኛው ነው?" አለች እማዬ።

"አላውቅም" አለች ሲስተር ጫልቱ። "ትልልቅ ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ አያውቁትም።"

ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አላውቅም ሲል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። አባዬና እማዬ ተያዩ። የተጽናኑ ይሁን ያዘኑ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱንም ነበር። ከዚያ ሲስተር ጫልቱ ወደ እኔ ዞረች። ጀሶ በደረቀበት እጇ አገጬን ቀና አደረገች።

"ገመዱ ግን አይደለም" አለችኝ። "እሱን አውቃለሁ።"

አቤል እንደገና ታሠረ። አንዱን ዓርብ አክስረነዋል፤ ግራ እግሩ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር፣ እኔም አየሁት። ማንም አላባበለኝም፣ ደግሞም መባበል አልነበረብኝም። ወደ ቤት ስንመለስ ግቢው ውስጥ አባዬ ጋሪውን ፈታና ገመዱን አነሳ። ለእኔ ከመስጠት ፈንታ ራሱ ወደ ጓሮ ሄዶ ዳማን እዚያው ለምለሙ ጋ አሠረው። ችካሉን ከመንገዱ ወዲያ ማዶ መታው። ገመዱ መንገዱን አቋርጦ ተወጠረ።

እማዬ አቤልን ታቅፋ ተከተለችው። ገመዱ ዘንድ ስትደርስ ቆመች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ ተሻገረች። ዞረችና ተመልሳ ተሻገረች። አደ ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ ሆነው "ያ ረቢ! አቦ ምን ነካሽ?" ሲሉ ሰማሁ፤ እማዬ ግን እኔን ነበር የምታየው።

"ነይ" አለችኝ። "ተቀበይኝ።"

እንዳትነኪው ካለችኝ በኋላ እጄን ለመዘርጋት ፈራሁ። እሷ ግን አቤልን በክንዶቼ ላይ አስተኛችው፣ እጄን ከጀሶው ሥር አስተካከለችልኝ።

"አሁን አንቺ ተሻገሪ።"

የጫማዬ ማሰሪያ እንደተፈታ ነበር። እማዬ ጎንበስ ብላ ሁለቱንም አጥብቃ አሰረችልኝ። አቤል ከበደኝ፤ ጀሶው ገና አልደረቀም፣ ቀዝቃዛው እርጥበት በሹራቤ ውስጥ አልፎ ሆዴን ነካኝ። እግሬን አነሳሁና ተሻገርኩ።